ሞተሩ ምን እያለ ነው? የአገልግሎት መኪናን ድምፅ ስለ መለየትና በጊዜው ስለ መጠገን



በዚህ እትም የምናቀርበው ትምህርት ከወትሮው ለየት ያለ ቢመስልም ከቤተ ክርስቲያን ንብረት አያያዝ ትምህርት የሚወጣ አይደለም። በዛሬው ጊዜ ብዙ አጥቢያዎች ምእመናን በስጦታ ያበረከቱት ወይም በመዋጮ የተገዛ አንድ የቤት መኪና አላቸው። መኪናው ለአንድ ቤተሰብ ታስቦ የተሠራ ቢሆንም በእኛ ዘንድ ብዙ ሸክም አለበት። ማለዳ ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ ያመጣል፤ ቀን ሲሚንቶና ሚስማር ያመላልሳል፤ ሌሊት ደግሞ በጠና ወደ ታመመ ምእመን ዘንድ የንስሐ አባቱን ያደርሳል። መኪናው መንገድ ላይ ሲቆም አገልግሎቱም አብሮ ይቆማል።

በፕሮጀክት ክትትል ስንዘዋወር ከሞተር ድምፅ ጋር የተያያዙ ሁለት ዓይነት ስሕተቶች አጋጥመውናል።

አንደኛው ስሕተት የራሳችን ነው። በአንድ የገጠር አጥቢያ የሚያገለግል መኪና ማለዳ ሞተሩ ሲነሣ «ቲክ ቲክ» የሚል ድምፅ ማሰማት ጀመረ። ሾፌሩ ወደ ጋራዥ ወሰደው፤ በጋራዡም «ሞተሩ መውረድ አለበት» ተባለ። የሰበካ ጉባኤው ምክር ሲጠይቀን እኛም ድምፁን በጆሯችን ሳንሰማና ሁለተኛ ባለሙያ ሳናማክር ወጪው ይከፈል ብለን ፈረምን። ገንዘቡ የተነሣው ለአብነት ተማሪዎች ማደሪያ ቆርቆሮ መግዣ ከተያዘው ሒሳብ ነበር። ሞተሩ ወረደ፤ ፋሻው ተቀየረ፤ ተመልሶም ተገጠመ። በማግስቱ ማለዳ ግን ያው «ቲክ ቲክ» ተሰማ። በኋላ አንድ አረጋዊ መካኒክ ኮፈኑን ከፍተው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ የጭስ ማውጫው ቧንቧ ከቴስታታው ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሎ ጭስ እንደሚያሾልክ አሳዩን። ሞተሩ ሲገጠም ያንኑ አሮጌውን ጓርኒሲዮን መልሰው ነበር ያሰሩት። እውነተኛው ጥገና ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም። ተማሪዎቹ ግን ያን ክረምት በሚያፈስ ጣሪያ ሥር አሳለፉት።

ሁለተኛው ስሕተት የዚህ ተቃራኒ ነው። በሌላ አጥቢያ መኪናው ዳገት ሲወጣ ከሞተሩ በታች «ቋ ቋ» የሚል የታፈነ ድምፅ ይሰማ ነበር። «ከበዓሉ በኋላ እናየዋለን» ተብሎ ቆየ። ሾፌሩ ድምፁ እንዳያስጨንቀው መዝሙሩን ከፍ አድርጎ ይነዳ እንደ ነበር በኋላ ሳይደብቅ ነገረን። በሦስተኛው ሳምንት ሞተሩ መንገድ ላይ ተጣብቆ ቆመ፤ ቢዬላው ተሰብሮ የሞተሩን ጎን ቀዶ ወጥቶ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ዘይቱ ታይቶ መኪናው ቢቆም ኖሮ ሞተሩ ሊድን ይችል ነበር። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው አባባል የተነገረው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

እንግዲህ በአንዱ ያለ ምርመራ መፍራት፣ በሌላው ያለ ምርመራ ማቃለል የምእመናንን ገንዘብ አባከነ። የሁለቱም መድኃኒት አንድ ነው፤ እርሱም ከውሳኔ በፊት ማዳመጥ ነው። የዚህ ትምህርት ዓላማ ካህናትንና የኮሚቴ አባላትን መካኒክ ማድረግ ሳይሆን ድምፁን ሰምተው «ይቁም»፣ «ይታይ» ወይም «ያገልግል» ብለው በማስተዋል መወሰን እንዲችሉና ከመካኒኩ ጋር በእውቀት እንዲነጋገሩ ማገዝ ነው።

፩. ትክክለኛውን ድምፅ ማወቅ ይቀድማል

መሪጌታው በሃያ ተማሪዎች ዜማ መካከል የአንዱን ስሕተት ለይተው የሚሰሙት ትክክለኛው ዜማ በልባቸው ስላለ ነው። ስለ መኪናም እንዲሁ ነው። ጤነኛውን ድምፅ የማያውቅ ሰው የታመመውን ሊለይ አይችልም። ስለዚህ መኪናው ደኅና በሆነበት ወቅት በሳምንት አንድ ቀን ማለዳ ሬዲዮው ተዘግቶ፣ ኮፈኑ ተከፍቶ ሁለት ደቂቃ ይደመጥ። በቀዝቃዛነቱ ሲነሣ፣ ሲሞቅ፣ በሚኒሞ ሲሠራና ነዳጅ ሲሰጠው ምን እንደሚል ይለመድ። ዛሬ በእጅ ስልክ ድምፅ መቅረጽ ስለሚቻል የጤነኛውን ድምፅ ቀርጾ ማስቀመጥ ወደ ፊት ለማነጻጸር ይረዳል።

በዚህ ረገድ የናፍጣና የቤንዚን ሞተር ልዩነት መታወቅ አለበት። ናፍጣ የሚቀጣጠለው በእሳት ብልጭታ ሳይሆን እጅግ በታመቀና በጋለ አየር ስለሆነ የናፍጣ ሞተር በተፈጥሮው የሚንኳኳ ድምፅ አለው፤ በብርድ ማለዳም ድምፁ ይጨምራል። ይህን እንደ ሕመም መቁጠር አይገባም። የናፍጣ ሞተር አሳሳቢ የሚሆነው የለመድነው ድምፅ ሲለወጥ ነው።

፪. ድምፅ ከየት ይመጣል?

ሞተር በሚሠራበት ጊዜ ፒስተኖቹ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳሉ። ቢዬላ የሚባለው ክንድ ይህን ምልልስ ለክራንክ ሻፍቱ ያስተላልፋል፤ ክራንክ ሻፍቱም ምልልሱን ወደ መሽከርከር ይለውጠዋል። ከላይ በቴስታታው ውስጥ ደግሞ ካም ሻፍቱ ቫልቮቹን ይከፍታል፤ ይዘጋል። በእነዚህ ተንቀሳቃሽ ብረቶች መካከል ስስ የዘይት ንጣፍ አለ። የዘይት ፓምፑ ከሞተሩ ግርጌ ካለው ቋት ዘይቱን እየሳበ በፊልትሮ አሳልፎ ወደ እነዚህ ቦታዎች ሁሉ ይልከዋል። ንጣፉ ሲሳሳ ብረት ከብረት ይገናኛል፤ ያን ጊዜ ድምፅ ይወጣል።

እዚህ ላይ ለምርመራ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። ካም ሻፍቱ የሚዞረው በክራንክ ሻፍቱ ፍጥነት ግማሽ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ በደቂቃ 800 ጊዜ ሲዞር ካም ሻፍቱ 400 ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ ከላይኛው ክፍል ከአንድ ቫልቭ የሚመጣ ድምፅ ዘገም ያለ፣ ቀጭንና ቀላል ሲሆን ከታችኛው ክፍል የሚመጣው ፈጠን ያለ፣ ወፍራምና የታፈነ ነው። በጥቅሉ ሲታይ ቀጭኑ ድምፅ ጊዜ ይሰጣል፤ ወፍራሙ ግን አይሰጥም።

፫. ከመፍታት በፊት መጠየቅ

ሐኪም በሽተኛውን ከመመርመሩ በፊት እንደሚጠይቅ ሁሉ የሚከተሉት ጥያቄዎች ለሾፌሩ ይቅረቡ፤ መልሱም በጽሑፍ ይያዝ።

ሀ. ድምፁ መቼ ጀመረ? ከመጀመሩ በፊት ምን ተደርጎ ነበር? ዘይት ተቀይሯል? ድንጋይ መትቶታል? ጥገና ገብቶ ነበር?

ለ. የሚሰማው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው፣ ሲሞቅ ነው ወይስ ሁልጊዜ?

ሐ. መኪናው ቆሞ ነዳጅ ሲሰጠው ይሰማል? ቆሞ የሚሰማ ከሆነ ምንጩ ሞተሩ ወይም ከሞተሩ ጋር የሚዞር ዕቃ ነው። ሲሄድ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ግን ጎማ፣ የጎማ ኩሽኔታ ወይም ሌላ የእግር ክፍል ሊሆን ይችላል።

መ. ሞተሩ ሲፈጥን ድምፁ አብሮ ይፈጥናል?

ሠ. ፍሪሲዮን ሲረገጥ ይለወጣል? ሲረገጥ የሚጠፋ ድምፅ ወደ ካምቢዮው ኩሽኔታ ያመለክታል፤ ሲረገጥ የሚመጣ ደግሞ ወደ ፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ።

ረ. መሪ ሲዞር፣ መብራት ሲበራ ወይም የአየር ማቀዝቀዣ ሲከፈት ይጨምራል?

ሰ. ከድምፁ ጋር የተለየ ጭስ፣ ሽታ፣ የኃይል መቀነስ ወይም በክሩስኮቱ ላይ የበራ መብራት አለ?

በእኛ ልምድ እነዚህ ሰባት ጥያቄዎች በትክክል ከተመለሱ ግማሹ ሥራ ይጠናቀቃል።

፬. ከሁሉ በፊት ዘይቱን ማየት

ማንኛውም አዲስ ድምፅ ሲሰማ የመጀመሪያው ተግባር ዘይቱን ማየት ነው። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቁም፤ ሞተሩ ይጥፋና ዘይቱ ወደ ቋቱ እንዲወርድ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይጠበቅ። የዘይት መለኪያው ዘንግ ተስቦ በጨርቅ ይጠረግ፤ ተመልሶ እስከ መጨረሻው ገብቶ እንደ ገና ይውጣ። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መገኘት አለበት። በአብዛኞቹ የቤት መኪኖች በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሊትር ያህል ነው። ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ የታዘዘው ዓይነት ዘይት ይጨመርበት። ከላይኛው ምልክት በላይ መሙላትም ይጎዳል፤ ክራንክ ሻፍቱ ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋልና።

መልኩም ይታይ። ያገለገለ ዘይት መጥቆሩ ያለ ነው። በወተት እንደ ተቀየጠ ቡና ከመሰለ ግን ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ይህም የቴስታታው ጓርኒሲዮን መቃጠሉን ሊያመለክት ስለሚችል ሞተሩ መነሣት የለበትም። ዘይት ሲቀየር የሚወርደው ዘይት በነጭ ሳፋ ላይ ይታይ፤ የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ካለበት ውስጡ እየተበላ ነው። ብናኙን ማግኔት አልሳበውም ተብሎ መናቅ አይገባም፤ ክራንክ ሻፍቱ የሚያርፍበት ብሮንዚን የተለበጠበት ለስላሳ ብረት በማግኔት አይሳብምና።

በጠጠር መንገድ ለሚሠሩ መኪኖች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የዘይት ቋቱ ድንጋይ መትቶት ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ የፓምፑን መሳቢያ አፍ ሊያፍነው ይችላል። ያን ጊዜ ዘይቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ሞተሩ ይጠማል። ስለዚህ ከሞተሩ ሥር ጎንበስ ብሎ ማየት አይዘንጋ።

፭. የተለመዱ ድምፆችና ትርጉማቸው

ሲጥ የሚል ጩኸት። ማለዳ ሞተሩ ሲነሣ ወይም መሪ ሲዞር የሚሰማ ስለታም ጩኸት ብዙውን ጊዜ የቺንጋ ነው። ቺንጋው ላልቷል፣ አርጅቷል ወይም ዘይት ነክቶታል። ሞተሩ ጠፍቶ ቺንጋው ይታይ፤ የተሰነጣጠቀ ወይም የሚያብረቀርቅ ከሆነ ይቀየር። ለመለየት በሚሠራው ቺንጋ ላይ ከርቀት ጥቂት ውኃ በጠርሙስ ይረጫል። ጩኸቱ ለአፍታ ከጠፋ ቺንጋው የሚዞርባቸው ክቦች በአንድ መስመር ላይ አለመሆናቸውን፣ ከባሰ ደግሞ ቺንጋው መላላቱን ያመለክታል። ቺንጋውን ሳሙና ወይም ቅባት መቀባት ድምፁን ለጊዜው ቢደብቅም ጉዳቱን ያብሳል።

የሚያጉረመርም ወይም የሚፋጭ ድምፅ። ሞተሩ ሲፈጥን እየጨመረ የሚሄድ፣ እንደ ወፍጮ የሚፋጭ ድምፅ ከኩሽኔታ ይመጣል። ምንጩ የዲናሞው፣ የውኃ ፓምፑ ወይም የቺንጋ መወጠሪያው ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ጠፍቶ ቺንጋው ይወለቅና እያንዳንዱ ክብ በእጅ ይዞር፤ የሚሻክር ወይም ወዲያና ወዲህ የሚነቃነቅ ከተገኘ ጥፋተኛው እርሱ ነው። የውኃ ፓምፑ ከሆነ ሳይዘገይ ይቀየር፤ እርሱ ሲቆም ሞተሩ በሙቀት ይቃጠላልና።

ከላይ የሚመጣ ቲክ ቲክ። ከቴስታታው አካባቢ የሚሰማ ቀጭንና የተመጣጠነ ድምፅ የቫልቮች ነው። የቫልቭ ክፍተታቸው በእጅ በሚስተካከል ሞተሮች ላይ ክፍተቱ ሲሰፋ ይጮኻሉ። መካኒኩ ክፍተቱን በስስ የብረት መለኪያ ለክቶ ያስተካክለዋል፤ ልኩ ከሚሊ ሜትር ጥቂት አሥረኛ የማይበልጥ ስለሆነ በግምት አይሠራም። ክፍተታቸውን በዘይት ግፊት ራሳቸው በሚያስተካክሉ ሞተሮች ላይ ደግሞ ሞተሩ ሲነሣ ለጥቂት ሴኮንድ ቢሰማ አያሳስብም፤ ሲቀጥል ግን ዘይቱ ጎድሏል ወይም ቆሽሿል።

ጭስ የሚያሾልክ ቲክ ቲክ። እኛን ያሳሳተን ይህ ነው፤ ከቫልቭ ድምፅ ጋር እጅግ ይመሳሰላል። የሚለየው በብርድ ማለዳና ነዳጅ ሲሰጥ በመጉላቱ፣ ብረቱ ግሎ ሲለጠጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ በመቀነሱ ነው። በሚሾልክበት ቦታ ጥቁር የጥላሸት ምልክት ይታያል። ጓርኒሲዮኑ ይቀየር፣ ብሎኖቹም ይጥበቁ። ድምፁ ቀላል ቢሆንም መቆየት የለበትም፤ የሚሾልከው ጭስ ወደ መቀመጫው ክፍል ከገባ ሽታና ቀለም የሌለው መርዛማ ጋዝ ስላለው ተሳፋሪዎችን ሊያሳምም፣ ሊገድልም ይችላል። በዚሁ ምክንያት በተዘጋ ቤት ውስጥ ሞተር አስነሥቶ ማዳመጥ ፈጽሞ ክልክል ነው።

የቆርቆሮ መንቀጥቀጥ። በሚኒሞ ወይም በአንድ የተወሰነ ፍጥነት ብቻ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ብዙ ጊዜ ከማርሚታው በላይ ያለው የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ መላላት ነው። ሞተሩ ሲበርድ በእጅ ተነቅንቆ ይታወቃል፤ በብሎን ወይም በፋሸታ ይታሰራል። ለመስማት የሚያስደነግጥ፣ ለመጠገን ግን ከሁሉ የሚረክስ ድምፅ ነው።

በዳገት የሚሰማ መንቀጫቀጭ። በጣሳ ውስጥ እንደሚናወጥ ጠጠር ያለ፣ በዳገት ነዳጅ ሲረገጥ ብቻ የሚሰማ ድምፅ የቤንዚኑ ያለ ጊዜው መፈንዳት ነው። ምክንያቱ የሞተሩ መጋል፣ የማቀጣጠያው ጊዜ መቅደም፣ ለሞተሩ የማይስማማ ካንዴላ ወይም ነዳጅ፣ በውስጡ የተጠራቀመ ጥላሸትም ሊሆን ይችላል። በደጋ ያልተሰማው በቆላ ሊሰማ ይችላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ መኪና በሸለቆው ግርጌ ከደጋው ይልቅ የታመቀና የሞቀ አየር ይስባል፤ ሸክሙም በዳገቱ ይከብዳል። ለጊዜው መፍትሔው ማርሽ መቀነስና ነዳጅ መርገጫውን ማላላት ነው፤ ከዚያ በኋላ መካኒክ ማቀጣጠያውንና ማቀዝቀዣውን ይመልከት። ችላ ከተባለ ፒስተን ይበሳል።

ሲነሣ የሚሰማ የሰንሰለት መንኳኳት። ካም ሻፍታቸው በሰንሰለት በሚዞር ሞተሮች ላይ ማለዳ ለጥቂት ሴኮንድ የሚሰማ መንቀርቀብ የሰንሰለቱን ወይም የመወጠሪያውን መላላት ያሳያል፤ በሳምንታት ውስጥ መታየት አለበት። በቺንጋ የሚዞሩት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳያስጠነቅቁ ይበጠሳሉ። ስለዚህ አምራቹ ያዘዘው ኪሎ ሜትር ሲደርስ ድምፅ ሳይጠበቅ ይቀየራሉ፤ ለብዙ መኪኖች ይህ ከ60,000 እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር ባለው ነው። በስጦታ የተገኘ መኪና መቼ እንደ ተቀየረለት ካልታወቀ እንዳልተቀየረለት መቁጠር ይሻላል።

ከታች የሚመጣ ቋ ቋ። ወፍራም፣ የታፈነ፣ ሞተሩ ሲፈጥን አብሮ የሚፈጥንና ሲሞቅ የሚብስ መንኳኳት የቢዬላ ብሮንዚን መበላት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ነዳጅ ተሰጥቶ መርገጫው ሲለቀቅ ጎልቶ ይሰማል። ይህ ሲሰማ ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ። «ቀስ ብለን እናድርሰው» ማለት ሁለተኛው አጥቢያ የከፈለውን ዋጋ መክፈል ነው። በአንጻሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ የሚሰማና ሲሞቅ ፈጽሞ የሚጠፋ የሚያስተጋባ ድምፅ የፒስተን መላላት ሊሆን ይችላል፤ የእርጅና ምልክት ቢሆንም ዘይቱ እየታየ ለብዙ ጊዜ ሊያገለግል ይችላል።

፮. ድምፁን በቦታው መፈለግ

የምንጩን ቦታ ለማግኘት መካኒኮች ረጅም ካቻቢቴ ይጠቀማሉ። ጫፉን በሞተሩ ቋሚ ክፍል ላይ አሳርፎ እጀታውን ወደ ጆሮ ማስጠጋት ድምፁን አጉልቶ ያሰማል። ደረቅ የእንጨት ዘንግም ይህንኑ ያደርጋል። በዲናሞው፣ በውኃ ፓምፑ፣ በቴስታታው ሽፋንና በዘይት ቋቱ ላይ በየተራ ከተሞከረ ድምፁ ከሁሉ የሚጎላበት ቦታ ይታወቃል።

ይህ ሲደረግ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ነጠላ፣ ጋቢና ሰፊ እጅጌ ያለው ልብስ ይውለቅ፤ ቺንጋና ማራገቢያ ጫፉን ከያዙት ሰውየውን ይስባሉ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማራገቢያ ሞተሩ ጠፍቶም በድንገት ሊዞር ይችላል። የጋለ ራዲያተር ክዳን አይከፈት። ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ገመድ መንቀል ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ስላለው ለባለሙያ ብቻ የሚተው ነው።

፯. ሦስቱ ውሳኔዎች

ሰምተንና መርምረን ስናበቃ ውሳኔያችን ከሦስቱ አንዱ ይሆናል።

ወዲያው ይቁም፤ ከታች የሚመጣ ወፍራም መንኳኳት፣ የዘይት መብራት መብራት፣ የሙቀት መለኪያው ወደ ቀይ መድረስ፣ ዘይትና ውኃ መቀየጥ። መኪናው ተጎትቶ ይወሰዳል። የመጎተቻው ዋጋ ምንም ቢከብድ ከሞተር ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

በዚህ ሳምንት ይታይ፤ የሚፋጭ ኩሽኔታ፣ የሚሾልክ ጭስ፣ የሰንሰለት መንኳኳት፣ የዳገት መንቀጫቀጭ፣ የማያቋርጥ የቫልቭ ድምፅ።

እየተጠበቀ ያገልግል፤ የላላ ቆርቆሮ፣ በብርድ ብቻ የሚሰማ ቀላል ድምፅ፣ አልፎ አልፎ የሚጮኽ ቺንጋ። እነዚህም ለሚቀጥለው የጥገና ቀን ይመዘገባሉ።

፰. ከጋራዥ ጋር ያለን ግንኙነት

አብዛኞቹ መካኒኮች ታማኞችና በልምድ የበሰሉ ናቸው። ይሁን እንጂ ጥሩ ጥያቄ ያልቀረበለት ባለሙያም ሊሳሳት ይችላል። ከራሳችን ስሕተት ተምረን የሚከተለውን ሥርዓት እንመክራለን።

«ሞተሩ ይወረድ» የሚል ውሳኔ በአንድ ሰው ቃል ብቻ አይጽደቅ። ከመውረዱ በፊት የዘይቱ ግፊት በጌጅ፣ የእያንዳንዱ ሲሊንደር እመቃም በመለኪያ ይለካ፤ ውጤቱ በቁጥር ተጽፎ ይቅረብ። ሁለተኛ መካኒክ ድምፁን ይስማ። ከዚህ በኋላ ከአንድ በላይ ፕሮፎርማ ይሰብሰብ፤ ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ። ከመኪናው የወጣው አሮጌ ዕቃ ለኮሚቴው ይመለስ፤ የተቃጠለውን ጓርኒሲዮን ወይም የተበላውን ብሮንዚን በዓይን ማየት ሒሳብ ለሚመረምርም ለሚቀጥለው ሾፌርም ትምህርት ነው። መኪናው ሲመለስ ሞተሩ በብርድ ተነሥቶ፣ ሾፌሩና አንድ የኮሚቴ አባል ባሉበት ተደምጦ ይረከብ። ክፍያው የሚጠናቀቀው ከዚህ በኋላ ቢሆን መልካም ነው።

ለመኪናው አንድ መዝገብ ይከፈትለት። ዘይትና ፊልትሮ የተቀየሩበት ቀንና ኪሎ ሜትር፣ የተጨመረ ዘይት መጠን፣ የተሰማ ድምፅና የተደረገ ጥገና ይጻፍበት። አቧራ በበዛበት መንገድ የአየር ፊልትሮ ቶሎ ስለሚዘጋ በየጊዜው ይጽዳ፤ ዘይቱም ከመመሪያው ቀደም ብሎ ይቀየር።

ከሁሉ በላይ ሾፌሩ ድምፅ እንዲናገር ይፈቀድለት። በብዙ ቦታ ሾፌሩ «ምን አደረግኸው?» የሚለውን ወቀሳ ፈርቶ የሰማውን ይደብቃል። ያ መዝሙሩን ከፍ ያደረገ ሾፌር ሰነፍ አልነበረም፤ ከዚያ በፊት ስለ አንድ ድምፅ ተናግሮ ከደመወዙ ሊቆረጥበት እንደ ነበር አጫውቶናል። ድምፅን በጊዜው ያስታወቀ ሾፌር ሊመሰገን ይገባል። ሰው የሚናገርበት ቤት ንብረቱ ይጠበቃል።

፱. ለሰበካ ጉባኤው የመወያያ ጥያቄዎች

፩ኛ. የአጥቢያችን መኪና ዘይት ባለፈው ወር ስንት ጊዜ ታየ? ማን አየው? የት ተመዘገበ?

፪ኛ. መኪናው በስጦታ ሲመጣ የጥገና ታሪኩ አብሮ መጥቷል? ካልመጣ ምን ማድረግ አለብን?

፫ኛ. ሾፌራችን እንግዳ ድምፅ ሲሰማ ለማን ይናገራል? መኪናውን ለማቆም ሥልጣን አለው?

፬ኛ. ለጥገና የተያዘ የራሱ ሒሳብ አለን ወይስ ሞተር ሲበላሽ ከአብነት ተማሪዎች ወይም ከድሆች መርጃ እናነሣለን?

በአራተኛው ጥያቄ ላይ እኛም የምንመልሰው ዕዳ አለብን። የዚያ አጥቢያ ተማሪዎች ማደሪያ በሚቀጥለው በጋ በቆርቆሮ ቢለበጥም በዝናብ ያሳለፉትን ክረምት ማንም አይመልስላቸውም። ስለዚህ ዛሬ የትኛውም አጥቢያ የጥገና ወጪ ይዞ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ስንት ነው?» የሚል መሆኑ ቀርቶ «ድምፁን ማን ሰማው? መቼ? እንዴት ነው የሚለው?» የሚል ሆኗል። በምእመናን ስለትና አሥራት የተገዛ ነገር ሁሉ በእጃችን ያለ አደራ ነውና በማስተዋል እንድንጠብቀው እግዚአብሔር ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።